በእጅ ይፈተሽልኝ

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሕልም አየሁ። የቀን ሕልም አይፈታም ይላሉ። እኔም እንዲፈታልኝ አይደለም የምጽፈው፤ ካልጻፍኩት ስለማይለቀኝ ነው።

ከሕልሙ በፊት የሆነውን ላስቀድም። የምሠራው ደሴ፣ ጋሽ ይመር ፎቶ ቤት ነው። ጋሽ ይመር አርባ ዓመት ሙሉ የደሴን ሰው ፎቶ ሲያነሣ የገዛ ሚስቱን እትዬ ውዴን አንድም ቀን አላነሣትም። እምቢ ስትለው ነው። ሰው ስልክ ሲያነሣባት እንኳ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ አንድ ፎቶ ነበራት፤ እሱንም ማኅተሙ ከአፍንጫዋ በላይ በልቶታል። ባለፈው ጥቅምት ግን ራሷ ፎቶ ቤት መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና «በል አንሣኝ» አለችው። ዲጂታሉ የእኔ ሥራ ስለሆነ እሱ አሮጌውን የፊልም ካሜራውን አወጣ። አንድ ጥቅል ፊልም፣ ሠላሳ ስድስቱንም በእሷ ጨረሰው። እኔ ያን ቀን ሐይቅ ከተማ ሠርግ ለማንሣት ሄጄ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት እትዬ ውዴ ሞተች። ለቅሶው ላይ የሟች ፎቶ የሚቀመጥበት ወንበር ባዶውን ሰነበተ። ሴቶቹ «ፎቶ አንሺ ባል ይዛ» እያሉ ሲንሾካሾኩ ጋሽ ይመር ይሰማ ነበር። ሲደክም የከረመው ዓይኑ ከሐዘኑ ወዲህ ጭራሽ እንደ ጠፋ የነገረንም በዚያው ሰሞን ነው። ለመጣው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይናገር ነበር፤ በአርባዋ ፎቶዋ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። አርባዋ የፊታችን እሑድ ነው።

ደሴ ውስጥ ፊልም የሚያጥብ ከጠፋ ቆይቷል። አዲስ አበባ ግን አቶ ባሕሩ የሚባሉ የድሮ ፊልም አጣቢ አሉ ተባለና ፊልሙን ይዤ በአውሮፕላን እንድሄድ ተወሰነ። ጋሽ ይመር ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀኝ። ያልታጠበ ፊልም የኤክስሬይ ጨረር ከመታው ምስሉ ጉም ይለብሳል። ፈታሾቹን «በእጅ ይፈተሽልኝ» በላቸው፣ ከዚያ ሌላ ነገር አታውራ አለኝ። ጎረቤታችን ባትሪ ሠሪው ጣሂር ግን በልመና አልተማመነም። የአሮጌ መኪና ባትሪ እርሳስ አቅልጦ የሳሙና ያህል ሣጥን ሠራልኝ። እርሳስ ኤክስሬይ አያሳልፍም፣ ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ አለ። ሠፈሩ በሙሉ መረቀው።

እርሳስ ኤክስሬይ አለማሳለፉ እውነት ነው። ጉድ የሠራኝም እሱ ነው። አየር ማረፊያው ፍተሻ ላይ ቦርሳዬ ማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ ሣጥኑ ጥቁር ጡብ ሆኖ ታየ። ፈታሿ ጨዋ ልጅ ናት። «ወንድም፣ ይህን ክፈተውና ውስጡ ያለውን ለብቻው አሳልፈው» አለችኝ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ ሳጠናቸው የመጣሁት ሁለት ቃላት ምላሴ ላይ ነበሩ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ሰው ያየኛል። ፊልሙን ራቁቱን ትሪው ላይ አስቀመጥኩትና ሲሄድ አየሁት።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለአቶ ባሕሩም አልተናገርኩም። ፊልሙን ተቀብለውኝ፣ ተቀመጥ፣ ጊዜ ይፈጃል ብለው ወደ ጨለማ ክፍላቸው ገቡ። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ ዓይኔን ከደን አደረግሁ።

ከደን እንዳደረግሁ አየር ማረፊያው በር ላይ ነበርኩ። ፈታሾቹ በሙሉ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀበቷቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘው ተሰልፈዋል። መንገደኞች በየጠረጴዛው ተቀምጠው ይፈትሿቸዋል። ዘንቢል ያንጠለጠሉ አንዲት እናት የአንዱን ግዙፍ ፈታሽ ኪስ ገልብጠው ማበጠሪያ አገኙ።

«ይህ ምን ያደርግልሃል? ፀጉር እንደሆነ የለህ።»

«የወንድሜ ነው» አለ አቀርቅሮ።

ለእኔም ወንበር ተሰጠኝ። መቀመጥ አልቻልኩም፤ በተቀመጥኩ ቁጥር ወንበሩ ይነሣል። ያቺው ጨዋ ፈታሽ በባዶ እግሯ መጣች። ከኋላዋ አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ይከተሏታል። ቃሬዛው ላይ የኤክስሬይ ማሽኑ ጋቢ ለብሶ ተኝቷል። ዕቃ የሚያሳልፍበት ጎማ እንደ ምላስ ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

«ወንድም» አለችኝ በቀስታ፣ «ፊልም ይዘሃል አሉ።»

ይዣለሁ አልኳት።

«እባክህ ወደ እሱ አታስጠጋው። ያለን ይህ አንድ ማሽን ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ቱሪስት አምስት ፊልም ይዞ አለፈበት፤ እስከ ዛሬ አላገገመም። ሻንጣ ባየ ቁጥር ያለቅሳል።»

ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። «ያልታጠበ ፊልም የያዛችሁ መንገደኞች ሆይ፣ ማሽናችን የልጆች አባት ስለሆነ ፊልማችሁን ራቅ አድርጋችሁ እለፉ» ይላል። አንድም የፊደል ስሕተት የለበትም። ሕልም መሆኑን ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ማሽኑ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አየኝ። ጉንፋን የያዘው የሽማግሌ ድምፅ ነበረው። ባለቀለም ነው ወይስ ጥቁርና ነጭ ብሎ ጠየቀኝ። ባለቀለም ነው ስለው ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

«በቃ» አለ፣ «ልጆቼን ጥሩልኝ።»

ኪሴን ዳሰስኩ። ፊልሙ እንደ ጫጩት ይሞቃል፤ ይንቀጠቀጣልም። መናገር የሚገባኝ ያን ጊዜ ነበር። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ቃል አይደለም፤ ብረት የያዘ ሰው በፍተሻው በር ሲያልፍ የሚሰማው ድምፅ ነው። «ጢጥ» አልኩ። ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

ወዲያው ኪሴ ቀለል አለ። እትዬ ውዴ ከኪሴ አፍ ተንጠላጥላ ወረደች። መጀመሪያ ጣት ታህል ነበር፤ ወለሉ ላይ ስትራመድ አደገች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሳትሰናበተኝ በመውጫው በር ሄደች። ፊልሙን አውጥቼ ሳየው ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሠላሳ አምስት ሆኗል።

ተከትያት ሮጥኩ። በሩ ያስገባኝ ሻንጣዎች የሚጠብቁበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ሻንጣዎቹ እግራቸውን አጣምረው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤቶቻቸው እጥፍጥፍ ብለው፣ በፕላስተር ታስረው፣ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠዋል።

«የእኔ ሰውዬ አምስት ኪሎ ተርፎታል አሉኝ» አለ አንድ ቀይ ሻንጣ።

«ቀንስለታ» አለችው ጎረቤቱ ጥቁሯ ቦርሳ።

«ምኑን ልቀንስ? ሁሉም ያስፈልገዋል።»

«ጭንቅላቱን ለሸኚዎቹ ስጣቸው። ለሦስት ቀን መንገድ ምን ያደርግለታል?»

ሰውዬው በሐሳቡ መስማማቱን ጭንቅላቱን ነቅንቆ ገለጠ። ሸኚዎቹም በአጥሩ በኩል እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉትና ፀሐይ እንዳይመታው ጥላ ያዙለት።

ቀዩን ሻንጣ እንዲህ ያለች ሴት አላየህም ወይ ልለው ፈለግሁ። ጢጥ። ሦስት እትዬ ውዴዎች በአንድ ጊዜ ከኪሴ ወረዱ። አንዷ ትስላለች፣ አንዷ የቀሚሷን እጅጌ ታስተካክላለች፣ አንዷ ወንበሩ ይቆረቁራል እያለች ታጉረመርማለች። ሦስቱም በሦስት በር ወጡ። የትኛዋን እንደምከተል ሳስብ አራተኛዋ ወረደች።

አምስተኛዋን ኪሴ አፍ ላይ ለመያዝ ስታገል አመለጠችኝ፤ እግሬም ተንሸራተተና የማሽኑ ጎማ ላይ ወደቅሁ። ማሽኑ አልፈለገም ነበር፤ ግን ዋጠኝ። ሆዱ ውስጥ ሠርግ ነበር። ድንኳኑ በቀይ መብራት በርቷል፤ ልክ እንደ ጨለማ ክፍል። ሰው ሁሉ የሠርግ አልበም እየተቀባበለ ያያል። እኔም በሥራዬ ተስቤ አንገቴን አስገባሁ። ፎቶዎቹ በሙሉ የኤክስሬይ ናቸው። ሙሽራውም ሙሽሪትም ሚዜዎቹም አጥንት ብቻ ሆነው አበባ ይዘዋል።

«መንጋጋዋን እዩልኝ» አለች የሙሽራው አክስት። «ጎድኗስ ቢሆን፣ አንድ በአንድ የተቆጠረ ነው የሚመስለው።»

«የእናንተ ልጅ ግን ክንዱ ተሰብሮ የተጠገነ ነው» አሏት የሙሽሪት አጎት። «ሽምግልና ስትልኩ ይህን አልነገራችሁንም።»

ጠብ ሊነሣ ሆነ። ማብረድ አለብኝ ብዬ ፊታቸው የታለ፣ ፊታቸው ቢታይ ኖሮ ትስማሙ ነበር ልል አሰብኩ። ሳልናገረው ሰሙኝ። አክስትየው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አጎትየው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በዚህ አገር ፊት የሚያየው ሐኪም ብቻ ነው፣ እሱም ሰው በጠና ሲታመም ነው ብለው ገሠጹኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ይህ ይቅርታ ዐሥራ አምስት እትዬ ውዴዎችን አስወጣ። ከሠርጉ ቀመስ ቀመስ አደረጉና የማሽኑን ሆድ መጋረጃ ገልጠው ሄዱ። ኪሴን በሁለት እጄ አፍኜ በዚያው መጋረጃ ወጣሁ።

ውጭ ጣሂር ነበር። ትልቅ ብረት ድስት ጥዶ እርሳስ ያቀልጣል። ሲያየኝ አልገረመውም። በዚህ ጊዜ ለፊልም አልነበረም የሚያቀልጠው።

«ና ግባ» አለኝ። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። መሸፈን የነበረብኝ አንተን ነው እንጂ ፊልሙን አይደለም።»

ከእግሬ ጀምሮ አፈሰሰብኝ፤ አያቃጥልም፣ ለብ ያለ ነው። ጉልበቴን፣ ደረቴን፣ አንገቴን ሸፈነና በመጨረሻ ፊቴን ደፈነው። ውስጡ ጸጥ አለ። ማንም አያየኝም። ሰልፍ የለም፣ የሚጠይቀኝ የለም፣ የምመልሰው የለም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። እዚያው ብቀር ብዬ ተመኘሁ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው የእግር ኮቴ የሰማሁት። አንድ በአንድ ከኪሴ እየወረዱ በእርሳሱ ስንጥቅ ይወጣሉ። ነጠላቸው ግድግዳውን ሲነካ ይሰማኛል። ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ ሦስት፣ ዐሥራ አራት ቆጠርኩ። እጄ በእርሳስ ተይዞ ኪሴን መክደን አልቻልኩም። ለመጮኽ ብሞክር ጢጡ እንኳ አልወጣም። ያኔ እንደ እብድ መታገል ጀመርኩ። በትከሻዬ ስገፋ፣ በግንባሬ ስመታ፣ እርሳሱ እንደ ሣጥን ከላይ ተከፈተ፤ ዘልዬም አውሮፕላኖች የሚያርፉበት ሜዳ ላይ ወደቅሁ።

ሜዳው ላይ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። አውሮፕላኖቹ ድንኳኑን እያዩ ድምፃቸውን ቀንሰው በዳር በዳር ያልፋሉ። እትዬ ውዴ መሐል ላይ ተቀምጣለች። ከኪሴ ከወጡት አንዷ አይደለችም፤ ራሷ ናት። ሐዘንተኛዋ እሷ ነበረች። ሰዎች እየገቡ ያጽናኗታል።

«እግዜር ያጽናሽ» ይሏታል። «ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀሩብሽ።»

«ምን ይደረግ» ትላለች። «መንገድ አላወቁም።»

በየወንበሩ የቀሩት ሰዎች ፎቶ ተደርድሯል። የጣሂር አለ። ሲንሾካሾኩ የነበሩት ሴቶች በሙሉ አሉ፤ ሁሉም አምሮባቸዋል። የእኔም የስምንተኛ ክፍል ፈተና ፎቶዬ አለ፣ ጆሮዬ ከፊቴ ቀድሞ የሚታይበት። ከመሐላቸው አንድ ወንበር ብቻ ባዶ ነው። የጋሽ ይመር እንደሆነ ሳይነገረኝ ገባኝ።

እትዬ ውዴ ወደ እሷ ጠራችኝ።

«አደም፣ ስንት ቀረን?»

ፊልሙን አውጥቼ አሳየኋት። አንድ ይላል።

«ይበቃል። የአርባዬ ወንበርም አንድ ነው» አለችና ወደ ድንኳኑ በር አየች። «እቺን አንዷን ግን የሠፈሩን ሰዎች እንዳትነፍጋቸው። ይመር ለሰው ተናግሯል። ሰው ፊት ያፍራል።»

ወደ በሩ ዞርኩ። ጋሽ ይመር ይመጣል። የፈታሽ ልብስ ለብሷል፤ ዓይኑ እንደ ልጅ ዓይን ጥርት ያለ ነው። ያንን የታመመ ማሽን እየገፋ አመጣና ፊቴ አቆመው። ከኋላዬ የደሴ ሰው በሙሉ ቦርሳውን ይዞ ተሰልፏል። ጋሽ ይመር እንደማያውቀኝ ሰው አየኝ። ራሱ ሦስት ጊዜ ያስጠነቀቀኝ ሰው ትሪ አቀረበልኝ።

«ወንድም» አለ፣ «ያንን ለብቻው አሳልፈው።»

ማሽኑ ይንቀጠቀጣል። ከሰልፉ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው ሰዓቱን አየ። እጄ የራሱ ፈቃድ እንዳለው ሁሉ ወደ ትሪው ሄደ። ጣቶቼ ሊለቁት ሲሉ ከፊልሙ ውስጥ የቀረችው አንዷ እትዬ ውዴ ጣቴን ያዘችው። አያያዟ ሰው ገደል ሲገባ ቅጠል እንደሚይዘው ነው። ጢጡ ከደረቴ ተነሥቶ ጉሮሮዬ ደረሰ። ዋጥኩት። አንቆ ያዘኝ፤ እንደገና ዋጥኩት። ከሥሩ ሁለቱ ቃላት ወጡ፤ ሰው በሙሉ እስኪዞር፣ አውሮፕላኖቹ እስኪቆሙ ድረስ ጮኽኳቸው።

«በእጅ ይፈተሽልኝ።»

የቀሰቀሰኝ የራሴ ጩኸት ነው። አቶ ባሕሩ እርጥብ እጃቸውን እንደ ዘረጉ ከፊቴ ቆመዋል። ውኃ የሚንጠባጠብ ፊልም ይዘዋል።

«ምኑ?» አሉኝ። «ሁሉንም በእጄ ነው የማጥበው። ማሽን የለኝም።»

ዓይኔ ሳይገለጥ አፌ ተከፍቶ ነበርና ሁሉንም ዘረገፍኩት። የእርሳሱን ሣጥን፣ ፈታሿን፣ ትሪውን፣ ዝም ማለቴን ነገርኳቸው። እሳቸው ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱት። ኤክስሬዩ ንክች አላደረገውም አሉ። አንድ ጊዜ ማለፉ ይህን ዓይነቱን ፊልም አልጎዳውም፤ እንዲህ ጥርት ያለ ፊልም ካጠቡ ቆይተዋል። ልስቅም ላለቅስም ፈለግሁ።

እሳቸው ግን አልሳቁም። ማጉያ መነጽራቸውን አቀበሉኝ።

«ና እስቲ እየው። እኔ አልገባኝም።»

አየሁት። የመጀመሪያው ላይ በር አለ፣ የበሩ ግማሽና የመጋረጃው ጫፍ። ሁለተኛው ላይ ትከሻ አለ። ሦስተኛው ፎቶ ቤታችን ውስጥ ከሰው ጀርባ የምንሰቅለው፣ ሐይቅ የተሳለበት ሸራ ነው። ከዚያ ጉልበት፣ ጉልበት ላይ የተቀመጠ እጅ፣ ጣሪያ፣ እንደገና በሩ፣ የነጠላ ጥለት። ሁሉም ጥርት ያለ ነው። የጥለቱ ክር ሳይቀር ይቆጠራል። ሠላሳ ስድስቱንም ሁለት ጊዜ አየኋቸው። የእትዬ ውዴ ፊት አንዱም ላይ የለም።

ማን ነው ያነሣው ብለው ጠየቁኝ። ማጉያውን መልሼ ሰጠኋቸው። ዓይኑ ከሐዘኑ ወዲህ ጠፋ ያለን ራሱ ጋሽ ይመር ነው። ሚስቱ ግን ያኔም እንደማያይ ቀድማ ያወቀች ይመስለኛል። አርባ ዓመት እምቢ ብላ ያን ቀን በገዛ እግሯ መጥታ፣ ሠላሳ ስድስት ጊዜ ዝም ብላ ተቀምጣለታለች።

ስልኬ ጠራ። ጋሽ ይመር ነው። ከበስተኋላው የጣሂር ድምፅና የሴቶች ጫጫታ ይሰማል፤ ለእሑድ ድንኳን ሊከራዩ ተሰብስበዋል።

«ወጣች?» አለኝ።

ወጥታለች አልኩት። ኤክስሬይ አልነካትም፣ ጥርት ብላለች።

አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁት። ከዚያ ፎቶ አንሺ ሁሉ ከማንም በፊት የሚጠይቀውን ጠየቀኝ።

«ዓይኗን ጨፍናለች እንዴ?»

አቶ ባሕሩ ያዩኛል። ፊልሙ እጄ ላይ ይንጠባጠባል።

«አልጨፈነችም፣ ጋሼ» አልኩት።

«ተመስገን። እንግዲያው በትልቁ አሳጥባት» አለና ዘጋው።